የውኃ በቅሎ

ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን ንጋት ላይ ቆላውና ደጋው አልተስማሙም። ወንዙ ዳር ገና ወፍ ሳይንጫጫ ይወብቃል፤ ቀና ብለው ሲያዩ ግን ደጋው ጉም ተከናንቦ የገደሉ አፋፍ የት ላይ እንዳለ አይለይም። ነጎድጓድ ከጉሙ ውስጥ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ዝናቡ ቶሎ ከመጣ ዳገቱ ይጨቀያል፤ ዳገቱ ከጨቀየ ሸክም አይወጣም፤ ሸክሙ ካልወጣ ደግሞ ጥሩሸዋ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ታንኳዋን ታጣለች። ይህን ስለምታውቅ ሰማዩን ደግማ አላየችም። ያየችው ሰዎቹን ነው። አሥራ ስድስት ወንዶች የብረት ታንኳዋን ከውኃ አውጥተው፣ ከሥሯ ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንድ አግብተው፣ በገመድ ይጠፍሯታል።

ታንኳ ዳገት ሲወጣ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ከሥሩ መናገር ይሻላል።

ጥሩሸዋ የቀይ ቋጥኝ መሻገሪያ ሴት ናት። መሻገሪያው በመንዝና በመርሐቤቴ መካከል ከሚወርዱት ወንዞች በአንዱ ላይ ነው። በበጋ ሕፃን ልጅ በእግሩ ይሻገረዋል፤ በክረምት ግን በሬ ይዞ ይሄዳል። ድልድይ የለም። ከወዲህ ከዋርካው፣ ከወዲያ ከቋጥኙ የታሰረ የብረት ገመድ አለ። ጥሩሸዋ ታንኳዋ ላይ ቆማ ያንን ገመድ በሁለት እጇ እያፈራረቀች ትስባለች። ሲነገር ቀላል ነው። መዳፏን ላየ ሰው ግን ቀንበር የኖረበት የበሬ ጫንቃ ይመስላል።

ወንዙ መሐል ሰዎች «መነኩሴው» የሚሉት ድንጋይ አለ። ውኃው የመነኩሴው ደረት ላይ ሲደርስ ጥሩሸዋ ሁሉንም ታሻግራለች። አንገቱ ላይ ሲደርስ በሽተኛና ምጥ የያዛት ሴት ብቻ ታሻግራለች። ራሱ ከጠለቀ ማንንም አታሻግርም። አንድ ክረምት አንድ ሹም ወዲያ ማዶ ቆሞ ሲጮህባት፣ «ጌታዬ፣ መነኩሴው ጠልቋል» አለችውና ዋርካው ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን መጣፍ ጀመረች። ሰውዬው ሁለት ቀን ከረመ። በሦስተኛው ቀን መነኩሴው ብቅ ሲል ተሻገረ።

ክፍያዋ እንደየሰው ነው። ያለው በመኸር አንድ ቁና እህል ይሰፍርላታል፤ የሌለው ይመርቃታል። ምርቃት እንደማይቦካ ታውቃለች፤ ቢሆንም «አሜን» ብላ ትቀበላለች። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተወችው። የታተመ ፊደል ታነባለች፤ በእጅ የተሞነጫጨረ ግን ያደክማታል፤ ብዙ ነገር ያደክማታል።

ታንኳዋ የመጣችው በባሏ በውባየሁ ጊዜ ነው። መንገድ ቀያሾች ወንዙን ሊለኩ ወርደው ነበር፤ ድልድይ ይሠራል ተባለ። ለመለኪያ እንድትሆናቸው የታንኳዋን ብረት በቁራጭ በቁራጭ በአህያ አውርደው እዚያው ወንዙ ዳር በቡሎን ገጠሟት። ያኔም አሮጌ ነበረች፤ በግራ ጎኗ ሦስት ቦታ ተቀድዳ ቆርቆሮ ተለጥፎባታል። ሰዎቹ ወር ከርመው ሊሄዱ ሲሉ አለቃቸው ገደሉን ቀና ብሎ አየና ተከዘ። ጉልበቱ አሞት ነበር። ውባየሁ ደግሞ አንዲት ግራጫ በቅሎ ነበረችው።

«በቅሎዬን ልስጥህ፤ ታንኳዋን ተውልኝ» አለው።

ተስማሙ። ግን በዚያ አገር ነገር ከእጅ ወደ እጅ ያለ ወረቀትና ያለ ዋስ አያልፍም፤ የተሰረቀ ከብት እንዳይሸጥ የተደነገገ የቆየ ደንብ ነው። ሐሙስ ገበያ ወጡ። የገበያው ጸሐፊ ያለው ወረቀት የከብት መሸጫ ብቻ ነው። ለበቅሎዋ አንድ ሞላላቸው። ለታንኳዋ ምን ይጻፍ? ጸሐፊው እስክሪብቶውን ነክሶ አሰበና፣ «ሰው ትሸከማለች አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ትሸከማለች አሉት። እንግዲያው ብሎ እንዲህ ሞላው፦ ዓይነት፣ የውኃ በቅሎ። ቀለም፣ ግራጫ። ምልክት፣ በግራ ጎኗ ሦስት ጠባሳ። ዕድሜ፣ ጥርሷ አልታየም። ዋስ፣ አቶ ወልደ ጻድቅ።

ገበያተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደንቡ ግን አልተጣሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው ታንኳዋን የውኃ በቅሎ ይላታል። ድልድዩ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ውባየሁ ከስድስት ዓመት በፊት በወባ ሞተ። ጥሩሸዋ አርባውን አወጣችና በአርባ አንደኛው ቀን ገመዱን ያዘች። ማንም እንድትይዘው አልነገራትም፤ ወዲያ ማዶ ሰው ቆሞ ስለነበር ነው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ከወረዳው አዲስ ትእዛዝ ወረደ። ሰው የሚያመላልስ ማናቸውም ነገር፣ መኪና ቢሆን ባጃጅ ቢሆን ጀልባ ቢሆን፣ በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ ደብተር ካላወጣ ከሐምሌ ጀምሮ አይሠራም። መዝገቡ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ሰኔ ሲገባ ጥሩሸዋ ወረቀቷን ከሣጥን አወጣች። በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ፊቱን ታውቀዋለች። ጀርባው ላይ የተሞነጫጨረ ጽሑፍና የደበዘዘ ሐምራዊ ቀለም አለ፤ የገበያ ማኅተም ነው ብላ አንድም ቀን ልብ ብላ አላየችውም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ገደሉን ወጣች።

በወረዳው ከተማ የትራንስፖርት መዝገብ የያዘችው ሐሴት የምትባል ቀየት የሚባለው አገር ልጅ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የበቅሎ ወረቀት ነው።»

«አዎ። የውኃ በቅሎ።»

«በቅሎ ከሆነች ግብርና ቢሮ ነው የሚሄዱት።»

«ከእነሱ ነው የመጣሁት። ለክትባት አምጪያት አሉኝ።»

ሐሴት አፏን በእጇ ያዘች። ሳቋ ሲያልፍላት ወንበር ሳበችላትና ሁሉንም ከመጀመሪያው አስነገረቻት። ከዚያ ቅጹን አወጣች።

«ሞተር አላት?»

«ሞተሯ እኔ ነኝ።»

«የሻንሲ ቁጥርስ? ማለቴ፣ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር።»

«ብረቷን የመታት ድንጋይ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ሐሴት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። አቶ አስፋው የሚባሉ ሰው በዚችው ጀልባ ላይ ማመልከቻ አስገብተዋል። የአባታችን በቅሎ የተለወጠባት ስለሆነች የእኔ ናት ብለው ሦስት ምስክር አስፈርመዋል።»

አስፋው የውባየሁ ታናሽ ወንድም ነው። ደጋ ላይ ነው የሚኖረው፤ ለወንድሙ ተዝካር እንኳ ዘግይቶ ነበር የመጣው። ጥሩሸዋ አልደነገጠችም። ደክሟት ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች።

«ሁለት ሰው ሲከራከር ደንቡ ንብረቱ በአካል ይቅረብ፣ ዋሱም ራሱ ይቅረብ ነው የሚለው። እኔ ቆላ ወርጄ ማየት አይፈቀድልኝም። ከቀረበች እመረምራለሁ። ካልቀረበች በምስክር ብዛት ነው የሚታየው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእርስዎ ዋስ አንድ ናቸው። የእሳቸው ሦስት ናቸው።»

አስፋው ከቢሮው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጋቢውን ደልድሎ ለብሷል።

«እታለም፣ ደህና ነሽ? ሰማሽ አይደል? ታንኳ ደጋ ሲወጣ ያየ አለ? ወንዙን ራሱን ጠቅልለሽ ብታመጪው ይቀልሻል።»

«ደህና ነኝ» አለች።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ደብተሩ በስሜ ይውጣ፤ አንቺ እንደለመድሽው ትስቢያለሽ። በመኸር የሰፈሩልሽን እኩል እንካፈላለን። ምን ቀረብሽ?»

ጥሩሸዋ መዳፏን አየች። «ደህና ዋል፣ አስፋው» አለችና ቁልቁለቱን ጀመረች። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው መንገዱን ሁሉ ጆሮዋ ላይ ሲጮህባት ዋለ።

ለማንም አልነገረችም። ብትናገር ምን ያደርጋል? ቡሎኖቹን ፈትቶ በቁራጭ ማውጣት አይቻልም፤ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሥጋ ሆነዋል፤ ከተፈለቀቁ ዳግመኛ አትገጥምም። እንዳለች ማውጣት ደግሞ የእብድ ሐሳብ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ መንገር ነበረባት፤ ለዋሱ። አባ ወልደ ጻድቅ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ያያል፣ አፋቸው ይቆርጣል፣ ጉልበታቸው ግን ከደጃቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚያደርሳቸው። ነገሩን እስከ ፍጻሜው ሰሙ።

«ዋስ የሆንኩት ለማን ነው?» አሉ።

«ለውኃ በቅሎዋ፣ አባ።»

«በቅሎዋ ከወጣች እኔም እወጣለሁ። ሂጂ፤ እሑድ እንነጋገራለን።»

እሑድ ሰንበቴ ላይ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሊነሣ ሲል አባ ወልደ ጻድቅ በዘንጋቸው መሬቱን መቱ። «ከእናንተ ውስጥ በውኃ በቅሎዋ ያልተቀመጠ እጁን ያውጣ» አሉ። እጅ አልወጣም። ሁለት ልጆቹን ለፈተና ያሻገረችለት ነበር። ሚስቱን ከነምጧ ያሻገረችለት ነበር። የአባቱን አስከሬን ጉም በጋረደው ወንዝ ላይ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታናውጥ፣ ያሻገረችለትም ነበር። ሽማግሌው አስፋው የሚለውንና ወረዳው የሚለውን ተናገሩና ተቀመጡ።

«አሁን የእርሻ ጊዜ ነው» አለ አንዱ። «ታርሶ ያላለቀ መሬት አለብን።»

«በጊዮርጊስ ዕለት ታርሳለህ?» አሉ አባ ወልደ ጻድቅ።

«በጊዮርጊስማ ማን ያርሳል።»

«እንግዲያው በጊዮርጊስ።»

«ሸክምስ ቢሆን በበዓል ይፈቀዳል ወይ?» አለ ሌላው፣ ወደ ቄስ ይሥሐቅ እያየ።

ቄስ ይሥሐቅ ጢማቸውን ያዙ። «በሽተኛ በቃሬዛ መሸከም በየትኛውም በዓል ይፈቀዳል» አሉ።

«ታንኳዋ በሽተኛ ናት?»

«ከውኃ የወጣች ታንኳ ጤነኛ ናት ብለህ ነው?»

በዚህ ነገሩ አለቀ። ጥሩሸዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። የውኃውን እንስራ አንሥታ ወጣች፤ ባዶ መሆኑን ያወቀችው ደጅ ከደረሰች በኋላ ነው።

ስለዚህ ነው በጊዮርጊስ ዕለት ንጋት ላይ አሥራ ስድስት ሰው ወንዙ ዳር የተገኘው። ስምንቱ ሲሸከሙ ስምንቱ ያርፋሉ፤ የቃሬዛ ደንብ ነው። ለጫንቃቸው ከጓሳ ተራራ የመጣ ሣር እንደ ማቶት፣ እንደ እንስራ ማስቀመጫ ቀለበት፣ ጠምዝዘው አበጅተዋል። ሊነሡ ሲሉ አባ ወልደ ጻድቅ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ደረሱ።

«አባ፣ እርስዎን ማን ሊያዝልዎ ነው?»

«ማንም አያዝለኝም» አሉ። «በቅሎ እያለች?» ታንኳዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ዳገት በቀልድ አለፈ። ሁለተኛው በላብ አለፈ። አራት ሰዓት ግድም የገደሉ ወገብ ላይ ደረሱ። እዚያ መንገዱ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ገደል ሆኖ ይጠብባል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ዝናቡም እዚያው ያዛቸው። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ሆነ። አባን አውርደው ከቋጥኝ ሥር አስጠለሏቸው። ሰዎቹ ታንኳዋን አጋድመው ሊያሳልፉ ሞከሩ፤ የፊተኛው እግር ሸርተት አለ፤ ብረቷ ከድንጋዩ ጋር ተላትማ ጮኸች፤ የኋለኛው ጫፏ ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ሁሉም ባለበት ቆመ።

«መልሱ» አለ አንዱ ቀስ ብሎ። «ወደ ታች እንመልሳት፤ ሰው ሊሞትብን ነው። ጥሩሸዋ፣ ይቅር በይን።»

ጥሩሸዋ እስከዚያ ድረስ ከኋላ ከኋላ፣ ስንቅ ተሸክማ፣ ሰው እንዳስቸገረች ሆና ነበር የምትሄደው። አሁን ስንቁን አስቀመጠች። ጠባቡ መንገድ ከሚያልቅበት በላይ አንድ አሮጌ ጽድ ከድንጋዩ መሐል ወጥቶ አየች። ከወዲህ ታንኳ አለች፤ ከወዲያ ማሰሪያ አለ፤ መሐሉ ሰው የሚወስድ ነገር ነው። ይህን ነገር ታውቀዋለች።

«መሸከሙን ተዉት» አለች። «እንደ ወንዝ እንሻገረዋለን።»

ትልቁን ገመድ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ ግድግዳውን ታክካ አለፈች። ጽዱ ላይ አሰረችው። የገመዱን ሌላ ጫፍ በታንኳዋ አፍንጫ ቀለበት አሳልፋ ወደ ራሷ መለሰችው። ከዚያ እንደ ሹም አዘዘች። አራቱ ከኋላዋ፣ ግድግዳውን ታክከው ይደግፉ፤ ማንም ከገደሉ በኩል አይቁም፤ አራቱ ከእርሷ ኋላ ገመዱን ይያዙ፤ «በል» ስትል እንጂ ማንም አይሳብ።

«በል» አለች።

እጅ በእጅ ሳበች። ገመዱ ርሷል፤ እርጥብ ገመድ ለእርሷ አዲስ አይደለም። ታንኳዋ ተንቀጠቀጠች፤ የተንጠለጠለው ጫፏ ወደ መንገዱ ተመለሰ። «በል።» አንድ ክንድ። «በል።» ሌላ ክንድ። የአንዱ ሰው መዳፍ ተልጦ ደም ሲያወጣ አየችና «አንተ ልቀቅ፣ ሌላ ይግባ» አለች፤ የራሷን መዳፍ አላየችውም። ሠላሳ ክንድ የሚሆን መንገድ ነው። ምን ያህል እንደፈጀ ማንም አላሰበም። ታንኳዋ ሜዳው ላይ ወጥታ ስትተኛ በረዶው ቆመ።

«ሞተሯ እኔ ነኝ ብላለች አሉ» አለ ያ «መልሱ» ያለው ሰው፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ። «እኛ ጎማዎቿ ነን ማለት ነዋ።» ሳቁ ከገደሉ ማዶ ተመልሶ መጣላቸው።

አፋፉ ላይ ሲወጡ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ብርዱ የቆላውን ሰው አጥንት ነካው፤ ሜዳው ግን ሜዳ ነው፤ እግር ሳይወጣ ይራመዳል። አባ ወልደ ጻድቅ ተመልሰው ተቀምጠዋል። በገብስ ማሳ መሐል ሲያልፉ አንድ በግ የሚጠብቅ ጎልማሳ ቆሞ አያቸው።

«ይኼን የሚያህል ገንዳ ለስንት በግ ነው?»

«በግ አይጠጣበትም፤ ሰው ይሄድበታል።»

«በገብስ ላይ?»

ትንሽ ራቅ ብለው አንዲት ሴት ስምንት ሰው የተሸከመውንና ነጭ ኩታ የለበሰውን ሽማግሌ በጉሙ ውስጥ ስታይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንባዋን አወረደች። «እናንተዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

አባ ወልደ ጻድቅ ቀና አሉ። «ገና ነኝ» አሏት።

ከተማ የገቡት ከአሥር ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ቢሮ በአሥራ አንድ ይዘጋል። ከተማው ታንኳ አይቶ አያውቅም፤ ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ከቦኖ ውኃ ቀድታ የምትመለሰውም ሴት ሁሉ ተከትሎ ግቢውን ሞላው። ሐሴት ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። እጇ ውስጥ የነበረውን ቅጽ ጥላው ነፋስ ወሰደው።

«አመጣኋት» አለች ጥሩሸዋ። «ዋሷም ውስጧ አሉ።»

አስፋው ከሻይ ቤት ወጥቶ መጣ። ወሬው ቀድሞ ደርሶታል። ታንኳዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ያላሰበው ዝናብ እንደያዘው ሰው።

ሐሴት ምርመራዋን ጀመረች። ርዝመት ለካች። ጠባሳዎቹን ቆጠረች፤ በግራ በኩል፣ ሦስት። ከዚያ ተቸገረች። ውኃ ታፈስ እንደሆነ እንዴት ይታያል? ከተማው ውስጥ ታንኳ የሚንሳፈፍበት ውኃ የለም።

«ውኃዋን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ አድርጉት» አለች ጥሩሸዋ። «ካልወጣባት አይገባባትም።»

ከቦኖ የመጡት ሴቶች ተያዩ። ሁለት ሰዓት ተሰልፈው የቀዱት ውኃ ነው። አባ ወልደ ጻድቅን አወረዷቸው። አንዲቱ ጀሪካኗን አነሣችና ታንኳዋ ውስጥ ገለበጠችው። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ማን ማንን እንደተከተለ አልታወቀም፤ ታንኳዋ እስከ ግማሽ ሞላች። ሐሴት በስልኳ ሰዓት ያዘች። ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። ሐሴት ተንበርክካ በሦስቱ ጠባሳ ሥር መዳፏን አሳለፈች፤ ደረቅ መዳፏን ለሕዝቡ አሳየች። እልልታው ለሩቅ ሰው ሠርግ ይመስል ነበር።

አስፋው እልልታው እስኪያልፍ ጠበቀ። «ታንኳዋ ደህና ናት፤ ማን አይደለችም አለ?» አለ። «ጥያቄው የማን ናት ነው። የተለወጠባት በቅሎ የአባታችን ነበረች። ይኼን የሚክድ አለ?»

የሚክድ አልነበረም። በቅሎዋ የአባታቸው ነበረች። ጥሩሸዋ የተሸከሙላትን ሰዎች ዞራ አየች፤ ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ዳገት።

«ልጄ» አሉ አባ ወልደ ጻድቅ፣ በዘንጋቸው ተደግፈው እንደቆሙ። «ወረቀቱን ገልብጪው።»

ሐሴት ገለበጠችው። የደበዘዘውን ጽሑፍ ወደ ብርሃን አቅርባ አነበበች፤ መጀመሪያ በልቧ፣ ቀጥሎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔ አስፋው ከአባቴ ውርስ ድርሻዬን ሁለቱን በሬዎች ወስጃለሁ። በግራጫዋ በቅሎ ላይ ድርሻ የለኝም። የፈለገው ወንድሜ ይለውጣት፤ ይሽጣት። የጣት ምልክቴ ይኸው።» ከሥሩ ያ ሐምራዊ ቀለም ነበር፤ የአውራ ጣት።

«ዋስ ቃሉን የሚሰጠው ንብረቱ ፊት ቆሞ ነው፤ ይህን ቀን ጠብቄያለሁ። በገበያው ደንብ የወንድም ቃል ሳይሰማ የውርስ በቅሎ አይለወጥም» አሉ ሽማግሌው ወደ አስፋው ዞረው። «ያን ጊዜ አጠገቤ ቆመህ ነበር። የገዛህልኝን ጠላ እንኳ አልረሳሁትም።»

አስፋው አውራ ጣቱን አየ። «ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር» አለ።

«አሁን ብትችልም ጣትህ ያው ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ። ጥሩሸዋ አልሳቀችም። አስፋው ጋቢውን ሰብስቦ ሲወጣ አየችው፤ ጠላት አልመሰላትም፤ የደከመ ሰው መሰላት። መንገዱን ለቀቀችለት።

ሐሴት መዝገቡን ገለጠች። የመኪና ገጽ አለ፣ የባጃጅ አለ፣ የጋሪ አለ። የጀልባ የለም። ስልክ ደወለች፤ ብዙ «እሺ» አለች፤ ስልኩን ዘጋች። አዲስ ገጽ አወጣች፤ በማስመሪያ አሰመረች፤ አናቱ ላይ «ጀልባ» ብላ ጻፈች፤ ተራ ቁጥር አንድ። ከጎረቤት ብረት ሠሪ ጠርተው ያንኑ ቁጥር የታንኳዋ አፍንጫ ላይ በመዶሻ መቱበት። ምልክት በሚለው ሥር ሐሴት ከአሮጌው ወረቀት ቃል በቃል ገለበጠች፦ በግራ ጎኗ ሦስት ጠባሳ።

«ስም የሚል ቦታ አለ፣ እትዬ። ስም ይኖራታል?»

«አላት እንጂ። የውኃ በቅሎ።»

«ይፈርማሉ ወይስ በጣት?»

ጥሩሸዋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። የተላጠው መዳፏ ያቃጥላት ነበር። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ጻፈች፤ ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ አንዱም አልጎደለም። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ሲመለሱ ታንኳዋን የሚያወርዱት አሥራ ስድስት አልነበሩም፤ ከደጋው ሰው ተጨምሮ ከአርባ አለፉ። ያ በግ ጠባቂም ነበረበት፤ ሰው እንዴት እንደሚሄድባት ማየት ፈልጎ እስከ ወንዙ ወረደ፤ ሁለት ጊዜ ተሻግሮ ተመለሰ።

አስፋው በነሐሴ አንድ ቀን ወዲያ ማዶ ቆሞ ታየ። ውኃው የመነኩሴው ደረት ላይ ነበር። ጥሩሸዋ ሄዳ አሻገረችው። ከኋላ ተቀመጠ፤ ሲደርሱ ወረደ። በመኸር ላይ አንድ ቁና ገብስ ከማን እንደሆነ ሳይነገር ደጇ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። አስገባችው።

ጥሩሸዋ ዛሬም ቀይ ቋጥኝ ናት። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከአሮጌው የበቅሎ ወረቀት ጋር ሣጥኗ ውስጥ አለ። ጠዋት ተነሥታ መነኩሴውን ታያለች፤ ራሱ ካልጠለቀ ገመዱን ትይዛለች።